ለጣሊያኑ ፎቶ አንሺ መንገድ የመራሁባቸው ሦስት ቀናት

እኔ እናኑ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ እንደ ተማረ ሰው ባይሆን ታገሱኝ። ብዙ የሚጻፍ ነገር ያለኝ ሰው አይደለሁም። ስፌት ሰፍቼ፣ ገበያ ወጥቼ፣ ልጆች አሳድጌ ነው ያረጀሁት። በጣሊያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ደርሶብኛል። የፈጀው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ ሆኜ አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ነበር። ባሌ ጫኔ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ በሠራ በዓመቱ ዱር ገባ። እኔ ከእናቱ ከእማማ ደብሬ ጋር ቀረሁ። እማማ እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ከደጅ አይርቁም። ልጅ አልነበረንም። ጫኔ ከሄደ ጀምሮ ውስጤ ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ እጅ ሆኖ ነበር፤ ሥራ እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ፣ ሌላ ነገር ግን አይሰማኝም።

የምንኖረው በእኔ ስፌት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ እነቅላለሁ፣ ሰፌድና አገልግል እሰፋለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ አውጥቼ እሸጣለሁ። ረዥሙ ስንደዶ የሚገኘው ከብት በማይደርስበት በገደል አፋፍ ነው። በዚህ ምክንያት በአካባቢያችን የማላውቀው አፋፍ አልነበረም። ጫኔና አሥር ጓደኞቹ የተደበቁበትን ዋሻም የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል፣ ትልቅ ፏፏቴ ካለበት ገደል ውስጥ ነው። በየሳምንቱ በሶ በአቁማዳ ሞልቼ፣ ከላዩ ስንደዶ ጭኜበት እወስድላቸው ነበር። ይህን ከእማማ በቀር በመንደሩ የሚያውቅ አልነበረም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጭቃ ሹሙ አያ ተገኘ ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። ከምሽጉ ፎቶ የሚያነሳ ጣሊያን መጥቷል፣ የአገራችንን መልክ አንስቶ በመጽሐፍ ሊያትም ነው፣ አገሩ ያማረና ሰላም መሆኑን ወገኖቹ እንዲያዩለት ይፈልጋል፣ ለዓይን የሚያምረውን ቦታ እየመራ የሚያሳየው ሰው አምጣ ብሎኛል አሉ። እማማ ለምን ወንድ አይፈልጉም ብለው ጠየቋቸው።

«እግር ያለው ወንድ የት እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ» አሉ አያ ተገኘ። «የቀረነው ሽማግሌዎች ነን። ገደሉን እንደ እናኑ የሚያውቅ የለም። ሰው አጣሁ ብዬ ብመለስ ደግሞ ነገ የሚቃጠለው የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም።»

እኔ እሺ አልኩ። አያ ተገኘ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሁለት በኩል ይገፉ ነበር።

ጣሊያኑ ቀጭን ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፣ መነጽር ያደርጋል። ስሙን ልይዘው አልቻልኩም። ለፎቶ ማንሻው ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ስለነበረው የመንደሩ ሰው «ባለ ሦስት እግሩ» አለው። ከሱ ጋር አራት አስካሪዎች፣ ማለት ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ አንድ የጭነት በቅሎና አንድ አስተርጓሚ ነበሩ። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ተስፉ የሚባል ሰው ነው። በአንገቱ ላይ የጠቆረ ማተብ ነበረበት። አማርኛው ከኛው ለየት ይላል፤ ይገባል ግን።

የመጀመሪያው ቀን ጣሊያኑ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚፈልግ በተስፉ በኩል ነገረኝ። ከፍ ያለ ይሁን፣ ሩቅ የሚያሳይ ይሁን፣ ውኃ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይኑርበት፣ ፀሐይ ከጎን የሚመታው ይሁን አለ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከፏፏቴው በተቃራኒ ይዤው መሄድ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ መራኋቸው። ከዚያ ሆነው ሲያዩ የጮቄ ተራራ በሰማይ ጫፍ ይታያል፤ ከታች አደይ አበባ ሜዳውን አልብሶታል። ጣሊያኑ ደስ አለው። ማቆሚያውን ተከለ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነ፣ ከዚያ እጁን አውጥቶ እዚያ ሂጂ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ተስፉን ጠየቅኩት። ሰው ከሌለበት የተራራው ትልቅነት አይታወቅም ይላል አለኝ። ሄጄ እንደ ካስማ ቆምኩ። በዚያ ቀን ሦስት ቦታ አሳየሁት፣ በሦስቱም ቦታ ቆምኩ።

በሁለተኛው ቀን ጨሞጋ ወንዝ ወረድን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውኃው ሞልቶ ነበር። ጣሊያኑ በመሻገሪያው ድንጋይ ላይ አቁሞ አነሳኝ። ሲጨርስ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ጠራኝና በጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ እንድመለከት አመለከተኝ። ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ፊት ለፊቴ እንደ ትንሽ መስኮት ያለ መስታወት አለ። በመስታወቱ ላይ ወንዙ ከነዛፉ፣ ከነሰማዩ ተገልብጦ ይታያል። ዛፎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ሰማዩ ከእግር በታች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነቅ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በአንዱ ጥግ ከማዶ፣ በዓይኔ ልብ ያላልኩት ጎጆ ነበር፤ ከጣራው የሚወጣው ጭስ ሳይቀር እንደ ክር ይታያል።

ከጨርቁ ወጥቼ ተስፉን ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል ወይ አልኩት።

«ይወጣል» አለኝ። «ትንኟም ትወጣለች። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም የሚያየው። ፎቶው ደብረ ማርቆስ ሲታጠብ መኮንኖቹ በማጉያ መስታወት እያንዳንዱን ያዩታል። አንዳንዱን ቦታ ከመጽሐፉ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚፈልጉት።»

ለምን እንደነገረኝ ያኔ አልገባኝም። ዛሬም አላውቅም።

ከወንዙ ስንወጣ ነው ነገሩ የመጣው። ጣሊያኑ ቆመና በጣቱ ወደ ምዕራብ አመለከተ። ከሩቅ፣ በሁለት ገደሎች መካከል፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። ፏፏቴው ነው። በሌላ ወቅት አይታይም፤ ያን ጊዜ ሞልቶ ነበር። ያ ምንድን ነው ሲል አስጠየቀኝ። ውኃ ነው አልኩ፤ መንገድ ግን የለውም፣ በቅሎ አይወጣውም፣ እባብም አለበት አልኩ። ጣሊያኑ ሰማና ፈገግ አለ። ነገ እንሄዳለን አለ።

በዚያ ምሽት ሄጄ ልነግራቸው አሰብኩ። አስካሪዎቹ ግን ካረፉበት ከአያ ተገኘ ግቢ ወጥተው በመንደሩ መግቢያና መውጫ ሰፈሩ፤ እስኪነጋ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። እማማን ተመለከትኳቸው። እሳቸውም አዩኝ። በቀረችው ዱቄት ቂጣ ጋገርኩ፣ በልተን ተኛን። እንቅልፍ እንደወሰደኝ አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜ ያሳፈረኝ ይህ ነው፤ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሳን። በአጭሩ ሁለት ሰዓት የሚወስደውን መንገድ አዙሬ አራት ሰዓት አደረግኩት። እሾህ ወጋኝ ብዬ ተቀመጥኩ። መንገዱ ጠፋኝ ብዬ አንዴ መለስኳቸው። ከወንዶቹ አንዱ ከላይ ሆኖ ያየን ይሆናል እያልኩ በገላጣው በገላጣው መራኋቸው። ማንም አልታየም። ጣሊያኑ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ባዞርኩት መንገድ ሁሉ እየቆመ ያይ ነበር።

ቦታውን ልንገራችሁ። ፏፏቴው የሚወርደው ከማዶ ካለው ገደል ነው። ከወዲህ፣ በኛ በኩል፣ ወደ ገደሉ የወጣ ጠፍጣፋ አለት አለ። በመካከል ጥልቅ ሸለቆ ነው። አለቱ ላይ ቆመው ሲያዩ ፏፏቴው በቀኝ ነው፣ ዋሻውም እዚያው ማዶ በግራ ነው። የዋሻው አፍ በአጋም ቁጥቋጦ ስለተሸፈነ የማያውቅ ሰው ዋሻ አለ አይልም። ከአለቱ ሰው ቢጮህ በውኃው ድምፅ ምክንያት ማዶ አይሰማም። ጥይት ግን ይደርሳል።

አለቱ ጠባብ ስለሆነ አስካሪዎቹ ከበቅሎዋ ጋር ከኋላ ዛፍ ሥር ቀሩ። ወደ አለቱ የወጣነው ጣሊያኑ፣ ተስፉና እኔ ነን። ፀሐይዋ ማዶውን ገደል በደንብ ይዛዋለች። ወደ ግራ ተመለከትኩ። አጋሙ ላይ አንድ ጋቢ ተሰጥቷል። ታጥቦ የተሰጣ ነጭ ጋቢ።

ጣሊያኑ ፏፏቴውን ብቻ እያየ ማቆሚያውን ይተክላል። ጨርቁን ሲለብስ መስታወቱ ላይ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሳይጠራኝ ሄጄ አፋፉ ላይ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ጣሊያኑ፣ ጀርባዬን ወደ ዋሻው አድርጌ፣ በሱና በጋቢው መካከል ለመግባት ሞከርኩ። ትክክል መሆኑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ነጠላዬን አስተካክዬ የምለብስ መስዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁት።

ጣሊያኑ ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ ወደ ቀኝ ሂጂ አለኝ። አልሄድኩም። ደገመ። አልሄድኩም። ከጨርቁ ወጥቶ ለተስፉ አንድ ነገር ተናገረው። ተስፉ ሊያንቀሳቅሰኝ መጣና ክንዴን ያዘ። ከያዘኝ በኋላ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። እጁ ክንዴ ላይ ቀረ። አልለመንኩትም። ለምን እንዳልለመንኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ዓይኑን እያየሁ ቆምኩ።

«እዚያው ቁሚ» አለኝ በዝግታ። «እጅሽን አታውርጂ።»

ተመልሶ ለጣሊያኑ ነገረው። ጣሊያኑ ሳቀ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ማቆሚያውን ትንሽ ወደ ጎን አዞረና ጨርቁ ውስጥ ገባ። ሦስት ጊዜ አነሳ። በየመካከሉ ከሳጥኑ መስታወት እያወጣ ይቀይራል፣ ይጠርጋል፣ ይመለሳል። ረዥም ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ክንዴ ዛለ፣ በኋላ የሱም ስሜት ጠፋ። ጀርባዬ ላይ ግን ቅዝቃዜ ነበር። ማዶ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀኝ። የሚያዩት እኔን ነው፤ ከጣሊያን ጋር ቆሜ፣ ልብሴን ዘርግቼ፣ ቦታቸውን ሳሳይ።

ሲጨርስ እጄን አወረድኩና ዞርኩ። ጋቢው የለም። አጋሙ ባዶ ነው።

ደስ አላለኝም፤ አልፈራሁምም። ጋቢው የለም አልኩ በልቤ፣ ያ ብቻ።

ስንመለስ ተስፉ ከበቅሎዋ ኋላ ከእኔ ጎን ሄደ። ለጣሊያኑ፣ ሴትዮዋ ከዚያ ብትንቀሳቀስ ገደል ነው፣ ትወድቃለች አልኩት አለኝ። እኔም አላመሰገንኩትም። መንደር ስንደርስ ጣሊያኑ አንድ ሳሙና ሰጠኝ። በማግሥቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አላየኋቸውም።

እነሱ በሄዱ በሦስተኛው ቀን በሶ ይዤ ወደ ዋሻው ሄድኩ። ማንም የለም። የእሳቱ አመድ ቀዝቅዟል። ባለፈው ሳምንት የወሰድኩላቸው በሶ መሬት ላይ ተደፍቷል፣ ጉንዳን ወሮታል። አቁማዳዬ ተገልብጦ የዋሻው አፍ ላይ ተጥሏል። የራባቸው ሰዎች ናቸው የደፉት። መርዝ ያለበት መስሏቸው ነው። አቁማዳውን አንስቼ አራገፍኩት። ስመለስ መንገዴ ላይ ጥሩ ስንደዶ ስለነበር አንድ እቅፍ ነቀልኩ። ወቅቱ ሊያልፍ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ነበር የሄደው። እናኑ ባንዳ ሆነች ተባለ። በገበያ የሚያውቁኝ ሴቶች ከጎኔ ተነስተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ለእማማ ማን እንደነገራቸው አላወቅኩም። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እማማ በቤቱ ሌላ ጥግ ሦስት ጉልቻ ለብቻቸው ጎልተው ሽሮ ይሠራሉ። ሳሙናው መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ፣ ጋቢውንም፣ ተስፉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝና ሽሯቸውን አማሰሉ።

ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ጣራ ሥር በሁለት ምድጃ ኖርን። ውኃ እቀዳላቸው ነበር፣ ውኃውን አይጠሉትም። እግራቸው ሲብስ አዝያቸው ቤተ ክርስቲያን እወስዳቸው ነበር። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አረፉ። ያጠብኳቸውና የገነዝኳቸው እኔ ነኝ።

ጫኔ የመጣው ጠላት ከደብረ ማርቆስ ከወጣ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ደጅ ተቀምጬ ለስፌት የሚሆን አክርማ እሰነጥቅ ነበር። መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ፀጉሩ ትከሻው ደርሷል። እናቴስ አለኝ። ነገርኩት። ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ያን ቀን ያነጣጠርኩት እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ሌሎቹ ተኩስ አሉኝ። ሚስቴ ስለሆነች እኔ ነኝ የምተኩሰው አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አልተኮስክም?» አልኩት።

«ነጠላሽ ከለለብኝ። ከነጠላሽ ማዶ ስንት ሰው እንዳለ አላየሁም። ብተኩስ ዋሻው ይታወቃል ብዬ ተውኩት።»

ስለምወድሽ ነው እንዲለኝ ጠብቄ እንደሆነ ጠይቁኝ። አልጠበቅኩም። እውነቱን ስለነገረኝ ግን እኔም እውነቱን ነገርኩት። ስጨርስ ጫኔ ጠመንጃውን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጋቢው የኔ ነበር» አለ። «ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ አለች ብዬ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። አብረን ኖርን፣ አራት ልጆች ወለድን፣ መልካም ባል ነበር። ከዋሻው ጓደኞቹ አራቱ ከጦርነቱ ተርፈው በመንደራችን ኖሩ። ጫኔ እየዞረ እውነቱን ለያንዳንዳቸው ነገራቸው። እሺ አሉት። አንዱ ብቻ ቤታችን መጥቶ እንዴት ነሽ አለኝ። ሦስቱ ግን እስኪሞቱ ድረስ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር። አላመኑኝም ማለት አይደለም ይመስለኛል። ሰው አንዴ ከልቡ ያወጣውን መመለስ ይከብደዋል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። ያን ቀን ደፋር አልነበርኩም፤ ባዶ ነበርኩ፤ ባዶ ሰው ደግሞ መቆም አይከብደውም። የለወጠኝ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በሰው ላይ መፍረድ አልችልም። እገሌ ከእገሌ ጋር ቆሞ ታየ ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ልጆቼ ይህን ባሕሪዬን አይወዱትም፤ እናታችን በማንም ላይ አትናደድም ይሉኛል። መናደድ ረስቼው ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ጫኔ ከሞተ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የአንድ ሰው ስም በጸሎት እንዲያነሱልኝ እፈልጋለሁ አልኳቸው። የክርስትና ስሙ ማነው አሉኝ። አላውቀውም አልኳቸው። በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አገሩስ? ከመረብ ማዶ ነው፣ ከጣሊያን ጋር የመጣ ነው አልኳቸው። ከጠላት ጋር ለመጣ ሰው እንዴት ትጸልዪያለሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስሙ ከሌለሽ ሥራውን ንገሪኝ» አሉኝ።

ተቀምጬ ነገርኳቸው። አለቱን፣ ጋቢውን፣ ክንዴ ላይ የቀረውን እጁን። ስናገር እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቄሱ እስክጨርስ ጠብቀው፣ እናነሳዋለን፣ እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል አሉኝ።

እናንተም ይህን ስታነቡ ያን ሰው አስቡልኝ። ተስፉ ይባል ነበር።